ከደሴ በሙሉ ታንክ፦ የአንድ ሞተርሆም ቀለም ከነዳጅ መሙያው ሥር ለምን ተላጠ?

ይህ የጉዳይ ጥናት ኮምቦልቻ በሚገኘው የላሜራና የቀለም ሥራ ቤታችን የተስተናገደውን የአንድ ሞተርሆም ጉዳይ ይመለከታል። ተሽከርካሪው በአይሱዙ የጭነት መኪና ቻሲ ላይ የተገነባ፣ መኝታ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መታጠቢያ ያለው ሲሆን፣ የአካሉ የታችኛው ክፍል ከላሜራ፣ የላይኛው ደግሞ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ነው። ባለቤቱ ረጅም ዘመን በንግድ የኖሩ የደሴ ነዋሪ፣ ሐጂ ናቸው። መኪናውን ያሠሩት ቆቦ ያሉ ዘመዶቻቸውን ሲጠይቁ፣ በመውሊድ ሰሞን ወደ ጃማ ንጉሥ ሲሄዱና ከባለቤታቸው ጋር ሐይቅ ዳር ሲያርፉ ሰው ላለማስቸገር ነው። በገና ሰሞን ደግሞ ላሊበላ ለሚሄዱ እንግዶች ያከራዩታል።

መኪናው ወደ እኛ የመጣው ከነዳጅ መሙያው ክዳን በታች ያለው ቀለም አብጦ፣ ቢጫ ለብሶ፣ በየቦታው ተላጦ ስለነበረ ነው። ቀለሙ ከተቀባ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ሐጂ መኪናውን ግቢያችን እንዳስገቡ የጠየቁን ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ለመሆኑ ቀለም ነው ውኃ የቀቡልኝ?» ሾፌራቸው ግን በዚህ አልተስማማም። «ሐጂ፣ ቀለሙ ምን ያርግ፤ ማደያ በገባን ቁጥር በናፍጣ ያጥቡታል እኮ» አለ። አንዱ ቀቢውን፣ ሌላው ነዳጅ ቀጂውን ጥፋተኛ አድርገው ነበር የመጡት። ሁለቱም የተናገሩት ውስጥ እውነት አለ፤ ይሁን እንጂ ዋናው ምክንያት ከቀቢውም ከቀጂውም ውጭ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩን በጽሑፍ ማስቀመጥ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ከክዳኑ በታች ያለው ቀለም የተበላ ሚኒባስ፣ አይሱዙና ፒክአፕ ከደሴ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ በየቀኑ ይታያል፣ ባለቤቶቹም መነሻውን ሳያውቁ ያንኑ ቦታ ደጋግመው በማስቀባት ገንዘባቸውን ያባክናሉ።

በምርመራው የታየው

በቀለም ሥራ እንደ እድፍ ቅርጽ የሚናገር ማስረጃ የለም። ስለዚህ መኪናው ከመታጠቡ በፊት ቦታውን በጥንቃቄ ተመለከትነው። ከክዳኑ ሥር የሚነሱ ሁለት የናፍጣ ጅረቶች ነበሩ። አንደኛው ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የወረደ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያው ከክዳኑ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መኪናው የኋላ ክፍል ዘመም ብሎ፣ እስከ ኋላ ጎማው መከላከያ ድረስ ተዘርግቷል። የዘመመው ጅረት ከቀጥተኛው ይልቅ ሰፊ፣ በአቧራም የተደፈነ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማደያ ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚፈስ ናፍጣ ቀጥታ ወደ ታች ከመውረድ በቀር ወደ ኋላ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ወደ ኋላ የሚጎትተው የጉዞ ነፋስ ነው። ስለዚህ ከናፍጣው ከፍ ያለው ድርሻ የፈሰሰው መኪናው ከማደያው ወጥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ መሆኑን ገና በመጀመሪያው ቀን ጠረጠርን።

ቀጥለን የቀለሙን ዓይነት ፈተንን። ፈተናው ቀላል ነው፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በቲነር (በቀለም ማቅጠኛ) ነክሮ ከዓይን በተሰወረ ቦታ ላይ ማሸት ብቻ ነው። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ተቀላቅሎበት በኬሚካል የደረቀ ቀለም ጨርቁን እምብዛም አያቀልመውም። ቲነሩ ተንኖ በመውጣቱ ብቻ የደረቀ ቀለም ግን ቲነር ዳግመኛ ሲያገኘው ይሟሟል። የሐጂ መኪና ቀለም ጨርቃችን ላይ ወዲያው ወጣ። የቀድሞው ቀቢ ርካሹን መንገድ እንደመረጠ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ የሐጂም ቅሬታ መሠረት አልባ አልነበረም። ቢሆንም ያው ቀለም በቀረው የመኪናው አካል ላይ፣ ፀሐይና ዝናብ በሚመታው በግራው ጎን ሳይቀር፣ ደህና ሆኖ ቆይቷል። የተበላሸው ነዳጅ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምልክት የተገኘው ከኋላ፣ ጀኔሬተሩ በተቀመጠበት ሣጥን አጠገብ ነው። ጀኔሬተሩ በቤንዚን የሚሠራ ሲሆን፣ ከጀሪካን የሚሞላው በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። በዚያ በኩል ለጌጥ የተለጠፈው ሰማያዊ ስቲከር ጠርዙ ተጠቅልሏል፣ ሙጫውም ለስልሶ ጣት ላይ ይጣበቃል። ይህ የናፍጣ ሳይሆን የቤንዚን ሥራ ነው።

ነዳጅ ቀለም ላይ የሚሠራው

ቤንዚንና ናፍጣ ቀለምን የሚጎዱበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ ለይቶ ማየት ይገባል። ቤንዚን ውስጥ እንደ ቶሉይንና ዛይሊን ያሉ ውህዶች አሉ፤ እነዚህ በብዙ የቀለም ቲነሮች ውስጥም የሚገኙ ናቸው። በመሆኑም ቤንዚን ሃርድነር በሌለው ቀለም ላይ ሲፈስ ቀለሙን ማለስለስ የሚጀምረው ወዲያውኑ ነው። የሚያድነው ነገር ቢኖር ቶሎ መትነኑ ነው፤ የመፍላት ደረጃው በግምት ከ30 እስከ 210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አብዛኛው ይጠፋል፣ የደበዘዘ ነጣ ያለ እድፍ ብቻ ትቶ ያልፋል።

ናፍጣ ግን አይቸኩልም። የሚፈላው በግምት ከ180 እስከ 360 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሆነ ላሜራ ላይ ከፈሰሰ በኋላ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። በስሱ ይዘረጋል፣ በቀለሙ ጥቃቅን ስንጥቆች፣ በብሎን ዙሪያና በላሜራ መጋጠሚያ ሥር እየሠረገ ይገባል። የላይኛውን ቀለም ከሥሩ ካለው ፕራይመር (የመነሻ ቀለም) ጋር ያያያዘውን ኃይል ቀስ በቀስ ያላላል። የመንገድ አቧራም በላዩ ይጣበቃል፤ ሾፌሩ ያንን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርግ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ይሆናል። ሰም የተቀባ ቀለም ለጊዜው ይጠበቃል፤ ሆኖም ሰሙን ራሱን ናፍጣ ስለሚያሟሟው ነዳጅ ጥቂት ጊዜ ከተቀዳ በኋላ መከላከያው የለም። በሐጂ መኪና ላይ የታየው እብጠት የዚህ ዘገምተኛ ሥራ ውጤት ነው፤ ያበጠውን ቀለም በካራ ጫፍ ስናነሣው ከሥሩ ቅባት የያዘ ላሜራና በመጋጠሚያው ላይ የጀመረ ዝገት ተገኘ። ናፍጣ በራሱ ብረትን አያዝግም፤ ቀለሙን አላቅቆ ለውኃና ለአየር በር ይከፍታል እንጂ።

ምርመራው ከማደያ ወደ መንገድ

የጅረቱ ዝንባሌ የፈጠረውን ጥርጣሬ ለማረጋገጥ ሾፌሩን አንድ ነገር ጠየቅነው። በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ወረቀት በፕላስተር እንዲለጥፍ፣ ደሴ ላይ እንደ ወትሮው እንዲያስሞላ፣ ቀጂው እንደጨረሰ ወረቀቱን አንሥቶ በሌላ ንጹሕ ወረቀት እንዲተካና በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ እንዲወርድ ነበር። ወረቀት ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው፤ ናፍጣ የነካው ቦታ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ይቀራል፣ በቀላሉም አይደርቅም።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ማደያው ላይ የተነሣው ወረቀት የያዘው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወረቀት ግን ግቢያችን ሲደርስ ወደ ኋላ በዘመመ ሰፊ እድፍ ረጥቧል። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመን እስከ ቀትር ስናቆየው ደግሞ ከክዳኑ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ አዲስ ጅረት ተጨመረ፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማንም ሳይነካው ናፍጣ ይወጣ ነበር።

ለዚህ ምክንያቱ የወሎ መልክዓ ምድር ራሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ደሴ ላይ በማለዳ፣ ከመሬት ሥር ከተቀበረ ማከማቻ የሚወጣ ናፍጣ ቀዝቃዛ ነው። ናፍጣ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ይዘቱ በግምት በ0.083 በመቶ ይጨምራል። በ100 ሊትር ታንክ ውስጥ የሞላ ናፍጣ ከ15 ዲግሪ ተነሥቶ 40 ዲግሪ ቢደርስ ከ2 ሊትር በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። 40 ዲግሪ የተጋነነ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ያላቃጠለውን ነዳጅ በመመለሻ ቱቦ ሞቆ ወደ ታንኩ ይልከዋል፣ ታንኩም የኮምቦልቻን ፀሐይና የአስፋልቱን ወላፈን ይቀበላል። በተራ ጉዞ ላይ ሞተሩ የሚያቃጥለው ነዳጅ ለዚህ መስፋት ቦታ ይለቃል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ግን አብዛኛውን መንገድ በማርሽ ተይዞ ስለሚወርድ የሚያቃጥለው እጅግ ትንሽ ነው፣ በሐረጎ ጠመዝማዛም ናፍጣው ወደ ክዳኑ ይላጋል። ሐጂ ደግሞ ልማዳቸው በማለዳ ደሴ ሞልተው ኮምቦልቻ ገበያና ዘመድ ዘንድ ውሎ ማሳለፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ በታንኩ ውስጥ ባዶ ቦታ ቢቀር ኖሮ ችግሩ አይፈጠርም ነበር። ባዶ ቦታ ያልቀረበትን ምክንያት ያገኘነው የመኝታውን ወለል ካነሣን በኋላ ነው። የአይሱዙው ታንክ በመጀመሪያ የሚሞላው ከራሱ አፍ፣ ከቻሲው ጎን ነበር። ቤቱ ሲገነባ ግን አካሉ ከቻሲው ሰፍቶ ስለወጣ መሙያውን በጎማ ቱቦ ወደ ውጭ ማራዘም ግድ ሆኗል። ቱቦው አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን መካከሉ ላይ ረግቦ ነበር። ከጎኑ የሚሄደው ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ ደግሞ በመኝታው ብረትና በወለሉ መካከል ተጨፍልቋል። በዚህ ምክንያት ናፍጣ ሲገባ አየሩ የሚወጣበት መንገድ ያጣና በዚያው በመሙያው ቱቦ ወደ ላይ ሊወጣ ይታገላል።

የማደያ መቅጃ የሚቆምበትን አሠራር ለሚያውቅ ሰው የቀረው ግልጽ ነው። በመቅጃው ጫፍ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ነዳጅ ሲወርድ በዚህች ቀዳዳ አየር ይሳባል፣ ቀዳዳዋ በነዳጅ ስትሸፈን የአየሩ መሳብ ይቋረጥና መቅጃው ራሱን ይዘጋል። መተንፈሻው የታፈነ ታንክ ግን ገና ሳይሞላ አረፋና ናፍጣ ወደ ላይ ስለሚያስመልስ መቅጃው ያለጊዜው እየዘጋ ያስቸግራል። ናፍጣ ከቤንዚን ይልቅ አረፋ የሚያበዛ መሆኑ ደግሞ ይህንን ያባብሰዋል። ቀጂው መቅጃው በዘጋ ቁጥር ታንኩ እንዳልሞላ ከልምዱ ያውቃል። «አብሽሩ ሐጂ፣ ገና ይይዛል» ይልና እየጠበቀ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየለቀቀ፣ ናፍጣው በዓይኑ እስኪታየው ድረስ ይሞላዋል። ክፍያው አስቀድሞ በተወሰነ ብር የተፈጸመ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻዋን ሊትር ጨርሶ ለማስገባት ግዴታ ይሰማዋል። ናፍጣው የመሙያው ከንፈር ላይ ሲደርስ ታንኩ ብቻ ሳይሆን የተራዘመው ቱቦም ሞልቷል፤ በውስጡ ሁለት ሊትር ያህል የሚይዝ ቱቦ ነው። ከዚያ በኋላ ለሚሰፋው ናፍጣ የቀረው መውጫ ክዳኑ ነው። የክዳኑ የጎማ ቀለበት ደግሞ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቀጂዎቹን የሚያስወቅስ ነገር አላየሁም። የመኪናው ባለቤት «ሙላው» ብሏቸዋል፣ መቅጃው ያለጊዜው ዘግቶባቸዋል፣ ታንኩም በእርግጥ አልሞላም ነበር። ሥራቸውን በታማኝነት ሠሩ። ይህንን ለሐጂ ስናስረዳቸው ለሾፌሩ ዘወር ብለው፣ «ስንቱን ልጅ በከንቱ ተቆጣነው» አሉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደሴ ሲገቡም ማደያው ሄደው እንደሚያነጋግሯቸው ነገሩን።

ከታች ወደ ላይ ሲኬድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ የአየሩ ግፊት በግምት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። መተንፈሻው በታፈነ ታንክ ውስጥ የቀረው አየር የኮምቦልቻን ግፊት ይዞ ደሴ ይደርሳል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት የታመቀው አየር ከናፍጣ ጋር ይተፋል። ሾፌሩ «አንዳንዴ ክዳኑን ስከፍት ይረጨኛል» ያለው ይኸው ነው። ከባቲ ወይም ከሚሌ በኩል ለሚመጣ መኪና ልዩነቱ ከዚህም ይበልጣል። ክዳኑን በአንዴ ከመንቀል ይልቅ ግማሽ ዙር ብቻ አላልቶ፣ የትንፋሹ ድምፅ እስኪያልቅ ታግሦ መክፈት ቀለሙንም ዓይንንም ያድናል።

ጥገናው

መጀመሪያ የተሠራው ቀለም ሳይሆን ቱቦ ነው። ነዳጅ የሚቋቋም አዲስ ቱቦ ገብቶ ከመሙያው እስከ ታንኩ ሳይረግብ እንዲወርድ በብረት ማቀፊያ ተያዘ። የመተንፈሻው ቱቦ ከመኝታው ብረት ርቆ፣ እስከ መሙያው አንገት ድረስ ወደ ላይ ብቻ እየወጣ እንዲሄድ ተደረገ። የክዳኑ ቀለበትም ተቀየረ። ከዚህ በኋላ መቅጃው የሚዘጋው ታንኩ በእርግጥ ሲሞላ ብቻ ሆነ፤ ይህንንም ደሴ ላይ በወረቀት ደግመን አረጋገጥን። መጀመሪያ በዘጋበት ቆሞ ሲወርድ ወረቀቱ ኮምቦልቻ በንጽሕና ደረሰ።

ወደ ቀለሙ የገባነው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ናፍጣ የጠጣ ላሜራ ላይ የሚፈጸመው የተለመደ ስሕተት ፈጥኖ ወደ ብርጭቆ ወረቀት መሄድ ነው። ቅባቱ ሳይወገድ ከታሸ በጭረቶቹ ውስጥ ይቀበራል፣ አዲሱ ቀለም ሲረጭም በዚያ ቦታ ላይ አልያዝ ብሎ ይሸሻል፣ ክብ ክብ ቀዳዳ ይሠራል። ስለዚህ ቦታውን በሙቅ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ደጋግመን አጠብን። ከደረቀ በኋላ በቅባት ማስወገጃ ኬሚካል፣ በሁለት ጨርቅ አጸዳነው፤ አንዱ ጨርቅ ኬሚካሉን ይቀባል፣ ሁለተኛው ደረቅ ጨርቅ ኬሚካሉ ሳይደርቅ ቅባቱን ይዞ ያነሣል። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚሠራ ሰው ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያነሣውም። የተላጠውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ደህና የሚመስለውን ቀለም ጭምር አንሥተን እስከ ላሜራው ወረድን፤ ናፍጣው ከዓይን ከሚታየው እብጠት አልፎ መግባቱን ካራው ነግሮናል።

ከዚያም ኢፖክሲ ፕራይመር፣ በጣም ስስ ስቱኮ፣ በመጨረሻም ሃርድነር ያለው ቀለምና በላዩ ግልጹ ክሊር ተረጨ። ሃርድነር ያለው ቀለም ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሐጂም ጠይቀውን ነበር። መልሳችን፣ መኪናውን በሙሉ በዚህ መቀባት ባይቻል እንኳ ከነዳጅ መሙያው ሥር ያለው አንድ ቁራጭ አካል ብቻ በዚህ ቢሠራ ዋጋው ብዙ እንደማያሳስብ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ ስለ ሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሚባለው ኬሚካል ሳንባን ይጎዳል፣ አንድ ጊዜ ሰውነት ካስቆጣ በኋላ ጥቂቱም ቢሆን አስም የሚመስል ሕመም ያስነሣል። አፍንጫን በሻሽ ወይም በተራ ጨርቅ ሸፍኖ መርጨት ከዚህ አያድንም፤ ለኬሚካል ተን የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል፣ ማጣሪያውም በጊዜው መቀየር አለበት። ልጆች ሙያ ለመማር በሚገቡበት ቀለም ቤት ይህንን ችላ ማለት ከባድ ጥፋት ነው።

የተቀባው ቦታ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ቢያንስ አንድ ሳምንት ሰም እንዳይቀባበትና ነዳጅ እንዳይነካው ተስማማን። በዚያ ሳምንት ሾፌሩ የሚሞላው ግማሽ ታንክ ብቻ ነበር።

አሁን ነዳጅ የሚቀዳበት መንገድ

ቀለሙን የሚጠብቅ ዕቃ እንዲሠራላቸው ሐጂ ራሳቸው ጠየቁ። በገበያ ላይ በመግነጢስ የሚለጠፍ ንጣፍና ቀለም ላይ የሚጣበቅ ግልጽ ፕላስቲክ መኖሩ ይታወቃል፤ ሁለቱን ግን እዚህ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነብን። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን ከሸራና ከአቡጀዴ ሽርጥ የመሰለ ነገር አሰፋን። ሸራው ከውጭ፣ አቡጀዴው ከውስጥ በቀለሙ በኩል ይሆናል። ከላይ ለመሙያው አንገት የሚሆን ክብ ቀዳዳ ተቀዶለታል፤ ክዳኑ ሲከፈት አንገቱ ላይ ይጠለቃል፣ እስከ አካሉ የታችኛው ጠርዝም ይወርዳል። አቡጀዴው ጥጥ በመሆኑ የመቅጃውን ብረት ጭረት ይከላከላል፣ የተንጠባጠበውንም ይመጥጣል። ናይለን ያልተጠቀምንበት ምክንያት ሲታሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊፈጥር ስለሚችል ነው። ሽርጡ ከጥቅም በኋላ በሳሙና ታጥቦ እንዲደርቅ ውጭ ይሰጣል፤ ናፍጣ እንደያዘ ተጠቅልሎ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

ከቅጂ በፊት ቀለሙን በውኃ ማርጠብ ጥሩ መከላከያ ነው የሚሉ አሉ። ውኃ ናፍጣን ከቀለም እንደሚለይ እውነት ነው፤ ሆኖም ክዳኑ ክፍት በሆነበት አካባቢ ውኃ ማንቆርቆር ታንኩ ውስጥ ውኃ የማስገባት አደጋ ስላለው፣ ለናፍጣ ፓምፕም ውኃ ጠላት ስለሆነ፣ እኔ አልመክረውም። የውኃ ቦታው ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሾፌሩ አሁን በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ሳሙና የተቀላቀለ ውኃ ይዞ ይጓዛል። ጠብታ ከታየ በደረቅ ጨርቅ አይጠርግም፤ መጀመሪያ ያፈስበታል፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ሳይጫን ያነሣል፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ ያለቀልቃል።

ደሴ ላይ ሲሞላ መቅጃው መጀመሪያ በዘጋበት ይቆማል፤ ወደ ኮምቦልቻ፣ ባቲ ወይም ቆቦ የሚወርዱበት ቀን ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ፣ 90 ሊትር ላይ። ሐጂ ለቀጂው የሚሰጡት ትእዛዝ «ሙላው» መሆኑ ቀርቶ በሊትር ሆኗል፣ ክፍያውም የሚፈጸመው ቅጂው ካለቀ በኋላ ነው። መቅጃው ሲወጣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ፣ የመጨረሻው ጠብታ አንገቱ ውስጥ እንዲወርድ ጥቂት ይጠበቃል። እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ መታገሥ ብቻውን ከቀለሙ ጉዳት ብዙውን ይቀንሳል።

ሞተርሆም ከሌላ መኪና የሚለይባቸው ሁለት ነገሮችም ተስተካክለዋል። የመጀመሪያው የውኃ መሙያው ከነዳጁ መሙያ ጋር በአንድ ጎን፣ በተመሳሳይ ክዳን መሠራቱ ነበር። ናፍጣ ወደ መጠጥ ውኃ ጋን ቢገባ የሚያስከትለውን ጣጣ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ በአዲሱ ቀለም ላይ «ናፍጣ» እና «ውኃ» ተብሎ በጉልህ ተጻፈ፣ የውኃውም ክዳን ሰማያዊ ሆነ። ሁለተኛው ፍሪጁ በሲሊንደር ጋዝ፣ በነበልባል የሚሠራ መሆኑ ነው። ማደያ ከመግባት አስቀድሞ ፍሪጁም ምድጃውም ከሲሊንደሩ ይዘጋሉ። ይህ ከቀለም ጋር የማይገናኝ ቢመስልም ነዳጅ ስለመቅዳት ተጽፎ ይህንን መዝለል አይገባም። ናፍጣ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን የሚያወጣው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ በአጠገቡ በሌላ መኪና የሚቀዳው ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን አለው።

የጀኔሬተሩ ቤንዚንም ከመኪናው ላይ መቀዳቱ ቀርቷል። ጀኔሬተሩ ተንሸራቶ በሚወጣ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ከአካሉ ርቆ ይሞላል። ጀሪካኑ ማደያ ላይ ሲሞላ መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ መኪናው ውስጥ አይሞላም። የተቆረጠው ጠርሙስ ተጥሎ ረዘም ያለ አንገት ያለው የማፍሰሻ ቱቦ ተገዝቷል። የተበላሸው ስቲከር ተነሥቶ ቦታው ባዶ ቀርቷል፤ ሐጂ ድሮም አልወደዱትም ነበር።

መኪናው ከክረምቱ በፊት ለቁጥጥር ተመልሶ መጥቶ ነበር። ከክዳኑ ሥር ያለው አዲሱ ቀለም አላበጠም፣ ቀለሙም አልተለወጠም፣ በጣት ሲነካ ቅባት የለውም። ከኋላ ጎማው መከላከያ ላይ ግን፣ የዘመመው ጅረት ቀድሞ ይደርስበት በነበረው የመጨረሻ ጠርዝ፣ እኛ ያልነካነው አሮጌ ቀለም ትንሽ ተነሥቶ አገኘነው። በዝናብ ወራት እርጥበቱ ለቀለም ሥራ ስለማይመች ያንን ጠርዝ እስከ ላሜራው አንሥተን የምንሠራው መስከረም ሲገባ እንዲሆን ከሐጂ ጋር ተስማምተናል፤ እስከዚያ ዝገት እንዳይጀምር ቦታው ጸድቶ ፕራይመር ብቻ ተቀብቷል።